ዘጠኝ ዋት

ኦገስት 14፣ 2016
ሂውረን ሐይቅ ላይ

…ቢላዋው በእጅህ ነበር ወይስ ጠረጴዛው ላይ? እዚህ ስደርስ ይቆምብኛል። የተጠበሰው ተርኪ ዶሮ መሐል ላይ አለ፤ ቆዳው ገና ያብረቀርቃል። ጓደኛህ አርሎ የእናታችን ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንተ ቆመሃል። የሠራኸው የመዳብ ማጨሻ ቱቦ በሁለታችሁ መካከል ነው፤ የማን እጅ ላይ እንደሆነ ግን አይታየኝም። ከዚያ አርሎ አፉን ይከፍታል። ከዚያ እዚህ በማበስልበት ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ይወድቅና ሐሳቤ ይበተናል። እዚህ መርከብ ላይ ሁልጊዜ የሚወድቅ ድስት አይጠፋም።

ደኅና ነህ ወይ ዴልማር? ይህን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ይቅርታ። ደብዳቤህ ዲትሮይት ወንዝ ላይ ነው የደረሰኝ። የፖስታ ጀልባዋ ጎናችን ተለጥፋ አብራን ስትሮጥ ባልዲ በገመድ አወረድን፤ ያንተ ደብዳቤ ከአንዱ መርከበኛ አዲስ ካልሲ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ። ወንዙን እስክንጨርስ አልከፈትኩትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ጠበቃህ በስልክ አታውሩ ማለቱ ገብቶኛል። ወረቀት ይቃጠላል ያልከውም ገብቶኛል። ግን የእኛ ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው፤ እሳት የለውም። ስለዚህ ደብዳቤህ ትራሴ ሥር አለ።

ስለጠየቅከኝ ነገር፤ አዎ፣ ባለፈው ኖቬምበር፣ ያን የምስጋና ቀን፣ እዚያው ገበታ ላይ ነበርኩ። ለአርሎ ቱቦውን ስትሰጠው አይቻለሁ። በኤፕሪል አፉ ላይ የፈነዳው ያው ቱቦ መሆኑንም አልክድም። ሌላውን፣ የሰማሁትን፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ከድስቱ በፊት ያለውን አሁን በደንብ አየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያስቸግረኝ።

ጥርሱን ተከሉለት? ዓይኑስ? ልትጽፍልኝ ካልፈለግክ ግድ የለም።

እህትህ ማቪስ


ኦገስት 29፣ 2016
ኮኒኦት፣ ኦሃዮ

እትዬ፣

ደኅና ነህ ወይ ላልሽው፤ የቆርቆሮ ሾርባ እየበላሁ ነው። ከጓዳ ያለውን። ገበያ የማልሄደው ከስንፍና አይደለም። እዚህ ከተማ ያለችው ግሮሰሪ አንድ ናት፤ ሒሳብ የምትቀበለዋ ደግሞ ጃኔል፣ የአርሎ ሚስት። ባለፈው ሄጄ ዳቦና ወተት ይዤ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ዳቦውን አንስታ፣ ግራ ቀኝ አገላብጣ፣ «ይኼ ለስላሳ ነው። ባለቤቴ እንኳን ሊበላው ይችላል» አለችኝ። ወተቱን እዚያው ትቼው ወጣሁ።

ጋራዡን ጠበቃዬ ቆልፎ ቁልፉን ወስዷል። ማስረጃ ነው አለኝ። ብረት መቅረጫ ቶርኖዬ፣ ሞረዶቼ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። በመስኮት ገብቼ ላየው ስሞክር የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ፤ የገዛ ጋራዤ ላይ ሌባ ሆኜ ቆምኩ።

አሁን የምጽፍልሽን በጥሞና አንብቢ። እነ አርሎ በክሱ የሚፈልጉት ይህን ቤት ነው። ከኔ ሌላ ምንም የሚወሰድ ነገር እንደሌለ ጠበቃቸው ታውቃለች። እናታችን ለኔ የተወችው እኔ መሄጃ ስለሌለኝ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እነሱ አያውቁም።

ጠበቃዬ የኔን ሥራና የሱቁን ዕቃ አነጻጽርልኝ አለኝ፤ የትኛው ስንት ዋት ድረስ ይሄዳል፣ የትኛው የት ላይ ይቆማል። እንዲህ አልኩት፦ የሱቁ ቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ማጨሻው፣ ውስጥ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሽቦው ከሚገባው በላይ ኃይል ሲስብ ታያለች፤ እምቢ ትላለች፤ ታጠፋዋለች። የኔ ውስጥ ሰሌዳ የለም። መዳብ፣ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ አለቀ። እምቢ የሚለው ሰውየው ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን በአፉ ሳይጠራ ማንንም ሰው ቱቦ አስይዤ ከዚህ ቤት የማላስወጣው። ባትሪው ሳይጎዳ የሚሰጠው ሃያ አምፔር ነው፤ ስለዚህ የሚጠመጥመው ሽቦ የመቋቋም ልኩ ከዜሮ ነጥብ ሁለት አንድ ኦም በታች መውረድ የለበትም፤ ቁጥሩ ይህ ነው። እጄን ቱቦው ላይ አድርጌ «ጥራ» እላለሁ። ሲጠራ እለቃለሁ። የቄስ ልጅም ይምጣ የፖሊስ፣ ደንቤ ይህ ነው።

ጠበቃዬ፣ «አርሎን ስታስጠራው ያየህ ሰው አለ?» አለኝ።

«እህቴ» አልኩት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ ጋ ሁለቱም አሉ፣ የሱቁም የኔም። ከመርከቡ መካኒክ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ተበድረሽ አነጻጽሪልኝ። እኔ የምነካው ነገር የለኝም።

ዴል


ሴፕቴምበር 17፣ 2016
ሱፒሪየር ሐይቅ

ዴልማር፣

ታምሜ መስሎህ ከሆነ አልታመምኩም። የዘገየሁት በሥራ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው።

ያልከኝን አደረግኩ። መካኒኩ ቨርጂል ይባላል፤ ቴስተሩን እኔ ካልተገኘሁ አላውስም አለ። ከእራት በኋላ የመርከቡ ኋላ ላይ፣ ከንፋስ ተከልለን፣ የሱቁን ቬፕ በስተግራ ያንተን ቱቦ በስተቀኝ አስቀመጥን። ቨርጂል ቱቦህን አንስቶ በመዳፉ መዘነው።

«እትዬ ማቪስ፣ ይኼ ማጨሻ ነው የቧንቧ ሥራ?»

«ወንድሜ ነው የሠራው።»

«ወንድምሽ የተጣላው ሰው አለ?»

«ዝም ብለህ ለካ።»

መጀመሪያ በሁለቱም ላይ ያንተን ሽቦ አሰርን፣ ደኅናውን። ሁለቱም ሠሩ። ልዩነቱን ከንፈሬ አልለየውም። ቨርጂል ሳል ይዞት፣ «ጭስ ጭስ ነው» አለ። ከዚያ እኔ ሳላየው አጭር ሽቦ ጠመጠመ፤ አርሎ ማን ትልቅ ጭስ ያወጣል ለሚሉት የደመና ውድድር እንደሚያስረው ያለ፣ ወፍራምና አጭር። የሱቁ ላይ አሰረና ቁልፉን ተጫነ። መስኮቷ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ እምቢ። ደግሞ ተጫነ። እምቢ።

«አየሽ ይህቺን? እንደ ሚስቴ ናት» አለና ሽቦውን ነቅሎ ያንተ ቱቦ ላይ አሰረው። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ። ያኔ ነው እጁን የያዝኩት። በሁለት እጄ። ከሐይቁ ውሃ ይልቅ የሱ ጣት ነው የቀዘቀዘኝ።

«ምን ሆንሽ? ትንሽ ልሞክረው እንጂ!»

«አትሞክረውም።»

«ምንም አላለም እኮ፤ ዝም ብሏል።»

«ዝም ስላለ ነው።»

ስቆ ተወኝ። ባትሪውን አውጥቼ ቱቦህን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ቀበርኩት። ስለዚህ ንጽጽሩ ይኸውልህ፦ የሱቁ የት እንደሚቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ያንተ የት እንደሚቆም አላየሁም። ያየሁት የቨርጂልን አውራ ጣት ብቻ ነው።

ለጠበቃህ እንዲህ ብለህ እንደማትነግረው አውቃለሁ። ሁለት ነገር ግን መልስልኝ፤ ያንተ ቱቦ ከልኩ ቢያልፍስ? የአርሎ ባትሪ ላይ የነበረው ወይን ጠጅ ቀለም ልባስስ ምንድን ነው?

ማቪስ


ኦክቶበር 3፣ 2016
ኮኒኦት

እትዬ፣

ዘጠኝ ዋት!

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ወረቀት አላስፈለገኝም፤ ግን በወረቀትም ደገምኩት። የሱቁ ዕቃሽ ላይ የተጻፈው ሰባ አምስት ዋት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የኔ ደግሞ ሙሉ ባትሪ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት፣ በሃያ አምፔር፣ ሰማንያ አራት። እሱም ባትሪው ሙሉ ሳለ ብቻ ነው፤ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። ልዩነቱ ዘጠኝ ዋት ነው። የኮሪደራችን አምፖል ያህል። ለዚህ ነው ሰው ሊገድል ነበር የሚሉኝ? ጠበቃዬ ስነግረው ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ይህን ማንም ይረዳዋል» አለኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከልኩ፣ ከሰማንያ አራቱ፣ ቢያልፍስ ብለሻል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ የለም አልኩሽ እኮ። ከዚያ በኋላ የሰው ጉዳይ ነው። ቁጥሩን የጠራ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?

አሁን ደግሞ ስለ ባትሪ ልባስ ያልሽው። ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አልገባኝም፤ ግን ልመልስልሽ። ባትሪ የሚቸረችሩ ሰዎች አሉ፤ ከፋብሪካ የወጣውን ልባስ ገፈው የራሳቸውን ያለብሱታል፤ ደማቅ ቀለም፣ የራስ ቅል፣ መብረቅ። ላዩ ላይ ያሻቸውን ቁጥር ያትማሉ። ሃያ የሚሰጠውን ሠላሳ ይሉታል። ውስጡ ያው ነው። ጀማሪ ልባሱን አንብቦ ያሰላል። ለዚህ ነው እኔ ልባስ ሳልገፍ ባትሪ የማላምነው፤ የገዢውንም ባትሪ አስወጥቼ ጫፉን በጥፍሬ ልጬ አያለሁ። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።

የአርሎ ባትሪ ልባስ ወይን ጠጅ ቀለም እንደነበረ ግን እንዴት አወቅሽ? እኔ አልጻፍኩልሽም።

ማታ ማታ መጋረጃውን ዘግቼ የምቀመጠው መታጠቢያ ቤት ነው፤ መስኮት የሌለው ክፍል እሱ ብቻ ስለሆነ። መኪና ሲያልፍ መብራቱ አይገባም። ሻወሩ ጋ ወንበር አስገብቻለሁ። አትሳቂ።

ዴል


ኦክቶበር 22፣ 2016
ሂውረን

ወንድሜ፣

አልሳቅኩም።

ወንበሩን ሳስበው፣ እኔም የምተኛበት ክፍል ከዚያ እንደማይሰፋ አየሁ። እጄን ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ብረት፣ ከብረቱ ወዲያ ውሃ። እስከ ጃንዋሪ ድረስ መውረጃ የለኝም። ሁለታችን በተለያየ ሳጥን ውስጥ ሆነን ስለ አንድ ገበታ እንጽፋለን።

እንዴት አወቅሽ ላልከኝ፤ ስላየሁት ነው። አርሎ ባትሪውን ከኪሱ አውጥቶ የጨው ዕቃው አጠገብ አቆመው። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነበር፤ ቢጫ መብረቅ ነበረው፤ ሠላሳ ይላል። አንተ ቱቦውን በሁለት ጣትህ ይዘህ ወደ መብራቱ አዙረህ እያየኸው ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ ያለሰለስከው ነው። እንዲህ አምሮ የሠራሁት የለም ስትል ሰምቼሃለሁ። አርሎ እጁን ዘርግቶ፣

«አምጣው በቃ፣ ልጄን አምጣ!» አለ።

«ጥራ መጀመሪያ» አልከው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?»

«ጥራ አልኩህ።»

እሱም ባትሪውን አየ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ፣ ከዚያ ጠራ። ኩራት ብሎት ነበር፤ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ እንደመለሰ ልጅ።

ዜሮ ነጥብ አንድ አራት ነው ያለው ዴልማር።

አራት ነጥብ ሁለትን በሃያ ሳይሆን በሠላሳ አካፍሎ ነው። ልባሱን አንብቦ። አንተ ደግሞ ቱቦውን እያየህ፣ «ይሁን» አልክ። ለቀቅክለት። ባትሪውን አልነካኸውም። ከዚያ፣ «እጅህ ላይ ሲያምር!» አልከው።

የማስታውሰው ይህን ነው። ድስቱ የሚወድቀው ሁልጊዜ ቁጥሩን ሊጠራ ሲል ነበር። እንዲወድቅ ያደረግኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ወዲያ ላለማየት።

ኖቬምበር ሲጋመስ ክሊቭላንድ ጭነት እናራግፋለን፤ እዚያ ቃሌን ይቀበሉኛል ተብሏል። ካፒቴኑ ፈቅዷል። ከዚያ በፊት ጻፍልኝ።

ማቪስ


ኖቬምበር 5፣ 2016
ኮኒኦት

እትዬ፣

አልተቆጣሁም። መጀመሪያ የምታስቢው እሱን ስለሆነ ነው የማስቀድመው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ ገበታው ጋ ቆምኩ። የጨው ዕቃውን እዚያው አስቀመጥኩት። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ወደ መብራቱ አየሁ። እውነትሽን ነው፤ ከዚያ ቦታ ባትሪው አይታይም። ቱቦው ነው የሚታየው።

ግን ስሚኝ። ጠበቃዬ የሚጠይቅሽን ነግሮኛል። «ቁጥር ጠርቷል ወይ?» ይላል። ጠርቷል። ውሸት ነው? ውሸት አይደለም። አስጠርቼዋለሁ፤ ጠርቷል፤ ሰምተሻል። ስንት ነው ያለው ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው የለም። የነሱ ጠበቃ ኦምን ከአምፔር አትለይም፤ ባለፈው ቃል ስሰጥ አይቻታለሁ። አርሎ ራሱ ያን ቀን ስላለው ነገር አላስታውስም ብሎ ፈርሟል። ስለዚህ ያ ቁጥር ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ካልተናገርሽው የለም።

ዋሺ አልልሽም። ዋሺ ብዬሽ አላውቅም። ጠርቷል በይና ውሃሽን ጠጪ።

ይህ ቤት ከሄደ የት እንደምሄድ አስቤዋለሁ፤ አልጽፍልሽም። እናታችን የሞተችበትን አልጋ ለማንም አልሸጥኩም፤ አሁንም እዚያው ነው። ስትመጪ የምትተኚው እዚያ ላይ ነው። አንሶላውን አጥቤዋለሁ።

ለአርሎ ብዬ አልቅሻለሁ፤ ይህንንም ለማንም አልነገርኩም። ጥሩ ጓደኛዬ ነበር። ጣራዬን በነጻ ነው የሠራልኝ። አሁን ዝናብ ሲመጣ የሱ ሚስማሮች ከላዬ ናቸው።

በቃ። ጠርቷል በይ።

ዴል


ዲሴምበር 11፣ 2016
ኢሪ ሐይቅ

ዴልማር፣

ይህ ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም፤ ደርሶህም ትከፍተው እንደሆነ። ቢሆንም ልጻፈው። በአካል የጀመርኩት አላለቀልኝም።

ክሊቭላንድ ላይ ያለው ክፍል ሙቀቱ የሚያፍን ነበር። የመርከብ ጃኬቴን አላወለቅኩም፤ ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ቅባት ነክቶት ነበርና አፈርኩ። አርሎ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል። አንደኛው ዓይኑ ላይ ጨርቅ አለ። በሌላው እኔን ሳይሆን የውሃውን ማሰሮ ነበር የሚያየው። ጃኔል አልመጣችም፤ ሥራ ላይ ነች አሉ።

ጠበቃህ ጠየቀኝ። «ሚስተር አርሎ ፌንስኬ ቱቦውን ከመቀበሉ በፊት ቁጥር ጠርቷል?»

«ጠርቷል።»

«ወንድምሽ ነው ያስጠራው?»

«አዎ።»

«አመሰግናለሁ» አለና የብዕሩን ክዳን ገጠመ። የነሱ ጠበቃ ተራዋ ሲደርስ ገጾቿን አገላበጠች፤ ስለ ጋራዡ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፣ ስለ መጠጥ አንድ ነገር። ከዚያ ጨረስኩ አለች። አንተ እንዳልከው ነው የሆነው። ማንም አልጠየቀኝም። ውሃው ፊቴ ላይ ነበር። ብርጭቆውን አነሳሁት። ጠጣሁ እንኳ።

ከዚያ፣ «ዜሮ ነጥብ አንድ አራት ነው ያለው» አልኩ።

ጠበቃህ፣ «ጥያቄ አልቀረበም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ቃሌን የምትጽፈው ሴት እጇ ቆሞ ቀረ። የነሱ ጠበቃ ግራ ገብቷት ወደ አርሎ ዞረች። እሱ ገብቶት ነበር። ዓይኑን ከማሰሮው አነሳ፤ ከንፈሩ ያን ቀን እንደተንቀሳቀሰ ተንቀሳቀሰ፤ ሲያካፍል አየሁት። የራሱን ስሕተት እዚያ ተቀምጦ ሠራው። ከዚያ ፊቱን ሸፈነ።

«ወንድምሽስ ምን አለ?» አለችኝ የነሱ ጠበቃ። ይህ ግን ጥያቄ ነበር።

«ይሁን አለ» አልኳት።

ለምን እንደተናገርኩ ልነግርህ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። የቨርጂል ጣት ነው ልልህ እችላለሁ። የዘጠኝ ዋቱ ደስታህ ነው ልልህ እችላለሁ። ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል፤ ሁለቱም ትንሽ ናቸው። ያንተን ቤት እንደወሰድኩብህ አውቃለሁ። የኔም ቤት ነበር።

ትናንት መርከቧ በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እኛው ከተማ ልትራገፍ ቆመች። የጫነችው ማዕድን እስኪወርድ ድረስ ፈቃድ ሰጡኝ። የዱባ ኬክ ጋግሬ ነበር። በእግሬ መጣሁ፤ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ በግሮሰሪዋ በኩል አላለፍኩም። አንኳኳሁ። የእናታችንን ሹራብ ለብሰህ ከፈትክ። ከሳህ። ጢምህ ሸብቷል። ከኋላህ ያለው ኮሪደር ጨለማ ነበር።

«ነገርኳቸው» አልኩህ።

«ጠበቃዬ ደውሎ ነግሮኛል።»

«ዴል…»

«ጫማሽ በረዶ ነው» አልክ። «ምንጣፉ ላይ ጥረጊ።»

ጠረግኩ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤ እንዳልወድቅ የበሩን መቃን ይዤ። እየጠረግኩ ሳለሁ ኬኩን ከእጄ ተቀበልከኝ፤ በሁለት እጅህ፣ እንደ እንግዳ።

«ትኩስ ነው?»

«ነበር።»

ይዘኸው ገባህ። ገበታው ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ቢላዋ ከመሳቢያ ሲወጣ ሰማሁ መሰለኝ፤ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ተመለስክ። ጎንበስ ብለህ ጫማዬን አየህ። ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋኸው።